ልጄ ሌባውን ወደደው

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፤ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ካርቱን ፊልም ነፍሱ ነው። በተለይ ሌባ ያለበት ከሆነ ከመቀመጫው አይነሳም። አላዲንን በቃሉ ይዞታል። ተኩላውና ጓደኞቹ ባንክ የሚዘርፉበትን ‹ዘ ባድ ጋይስ› የሚባለውንማ ስንት ጊዜ እንዳየው እንጃ። ትራስ ተሸክሞ ‹ፖሊስ መጣ!› እያለ ሲሮጥ ቤቱ ይናወጣል። እስካሁን እንስቅ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ቦርሳውን ሳጸዳ የእሱ ያልሆነ ላጲስ አገኘሁ። በዳይኖሰር ቅርጽ የተሠራ፣ ገና አዲስ። ‹የማን ነው?› ስለው አላንገራገረም። አብሮት ከሚማር ልጅ ቦርሳ አውጥቶ ነው የወሰደው። ‹እሱ እኮ አምስት አለው። አጠገቤ ለምትቀመጠው ልጅ ልሰጣት ነው፤ እሷ ምንም የላትም› አለኝ። የምመልስለት ጠፋኝ።

አባቱ ሲሰማ ፊልሞቹን በሙሉ ላጥፋቸው አለ። አማቴ ደግሞ ‹ኋላ በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ እንዳይልሽ፤ ይሄ ልጅ ሌባ እየሆነ ነው› አሉ፤ እሱው እየሰማ። እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ‹ታንግልድ› ላይ ያለውን ፍሊን ራይደርን እኔ ራሴ እወደዋለሁ። ሌባ መሆኑን እያወቅኩ! ፊልሞቹ ልጄን እያበላሹት ነው? ልከልክለው? ለልደቱ ደግሞ የተኩላውን ነጭ ሱፍ ልብስ ግዙልኝ እያለ ነው። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት እናት»

እህቴ፣

ከላጲሱ እንጀምር፤ እሱ የሚያድር ጉዳይ አይደለም። ላጲሱ ይመለስ። የሚመልሰው ልጅሽ ራሱ ነው፤ አንቺ ከጎኑ ትሆኛለሽ። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ምን እንደሚል አንድ ላይ ተለማመዱት። «ይሄ ያንተ ነው። ሳልጠይቅህ ወሰድኩት። ይቅርታ።» በቃ፣ ከዚህ አይርዘም። ክፍል ፊት አይቁም፣ ለቅሶ በቅሶ አይሁን። አስተማሪው ማወቅ ካለበት ቀስ ብለሽ ለብቻው ንገሪው። ዕለቱን ስለ ፊልም አንድም ቃል አታንሺ። ጥፋቱን ፊልሙ ላይ ከለጠፍሽለት «ተኩላው ነው ያሳሳተኝ» የሚል ማምለጫ በእጁ ሰጠሽው ማለት ነው።

ቀጥሎ ልጅቷ አለች። ብዙ ወላጅ ላጲሱን አስመልሶ ነገሩን እዚያው ይዘጋዋል። ልጅሽ ግን ያደረገው ሁለት ነገር ነው። የሰው ዕቃ ወሰደ። የሌላት ልጅ እንዳለችም አየ። የመጀመሪያውን ስታርሚ ሁለተኛውን አብረሽ እንዳትገድዪበት። ከራሱ ላጲሶች አንዱን መርጦ ይስጣት። በጣም የሚወደውን ስጥ ብለሽ አታስጨንቂው፤ የራሱ ይሁን እንጂ። ምናልባት ያቅማማል፣ አንዱን አንስቶ ይመልሳል፣ የተጎረደውን ይመርጣል። ተይው፣ ያቅማማ። ከሌላ ሰው ቦርሳ መለገስ ለምን ቀላል እንደነበረ የሚገባው እዚያች ማቅማማት ላይ ነው። አንቺ ያኔ ምንም አትበዪ፤ ቡናሽን ጠጪ።

አሁን ወደ ፊልሞቹ። ሌባ መውደድሽ አያሳፍርም። የሰው ልጅ ካርቱን ሳይኖርም ሌባ ሲወድ ኖሯል። የጥንት ግሪኮች ሄርሜስ የሚባል አምላክ ነበራቸው። በተወለደ በዚያው ቀን ከአልጋው ወርዶ የወንድሙን የአፖሎን ከብቶች ሰረቀ። ዱካቸው እንዳያጋልጠው ወደኋላ እያስኬደ ነዳቸው። ከዚያ ተመልሶ መጠቅለያው ውስጥ ገባና ምንም እንደማያውቅ ጨቅላ ተኛ። አባቱ ዜውስ ፊት ሲቀርብ ዓይኑን በጨው አጥቦ ካደ። ዜውስ ምን አደረገ? ሳቀ። ሳቀና ግን «ከብቶቹን መልስ» አለው። ሳቁ ማንንም አይገርምም። ትእዛዙ ግን ለቤታችሁ የሚያስፈልግ ነገር ነው፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ባልሽም ቢሆን ብቻውን አይደለም። የአሜሪካ ፊልም ኩባንያዎች በ1930 (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፍልሽ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሥነ ምግባር ደንብ ጻፉ። ከ1934 ጀምሮ ጠበቅ አድርገው ሠሩበት፤ እስከ 1968 ቆየ። ደንቡ የተመልካቹን ልብ ወደ ወንጀለኛው የሚያዘነብል ፊልም እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ስርቆት እንዴት እንደሚፈጸም በዝርዝር ማሳየትም አይቻልም። ያም ሆኖ በ1938፣ ደንቡ በጠነከረበት ዘመን፣ ኤሮል ፍሊን የተወነበት የሮቢን ሁድ ፊልም ወጣ። ከሀብታም ዘርፎ ለድሃ የሚያከፋፍለው ቀስተኛ በደንቡ መሃል ሾልኮ አለፈ፤ ሕዝቡም ወደደው። ያን ሁሉ ኩባንያ ያቃተውን ነገር ባልሽ በአንድ ምሽት ይችለዋል ብዬ አልጠብቅም።

ይልቅ ፊልሞቹ እንዴት እንደሚያስወድዱን ማወቁ ይጠቅምሻል። የ1992ቱን አላዲን መጀመሪያውን እንደገና እዪው። የተሰረቀው አንድ ዳቦ ነው፤ ወርቅ አይደለም። የሚያሳድዱት ጠባቂዎች ግዙፍ ናቸው፣ ፊታቸው ያስፈራል፣ ሰይፍ ይዘዋል። እሱ ባዶ እግሩን ነው። ቀጭን፣ ፈገግተኛ፣ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ የሚዘፍን ልጅ። አምልጦ ሊጎርስ ሲል ቆሻሻ ውስጥ የሚበላ የሚፈልጉ ሁለት ሕፃናት ያያል። ዳቦውን ይሰጣቸዋል። ጦጣው አቡ እንኳ ፊቱን አጨማዶ የራሱን ድርሻ ይለቃል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ልባችንን ወስዶታል፤ ስርቆት ይሏል ይሄ ነው።

ዳቦ ጋጋሪውስ? ከዚያ በኋላ የት ገባ? ካሜራው ዞር ብሎ አላየውም። ሌሊት ተነስቶ ማቡካቱን፣ የሚያሳድጋቸው ልጆች ይኑሩት አይኑሩት ማንም አልነገረን። ሌባ በፊልም የሚወደደው ስላማረ ብቻ አይደለም። የተሰረቀው ሰው ከፊታችን ስለተነሳም ነው።

መንሳት ካልተቻለ ደግሞ ክፉ ይደረጋል። እዚያው ፊልም ላይ ልዕልት ጃስሚን ለተራበ ልጅ ከሻጭ ላይ ፖም አንስታ ትሰጣለች። ቤተ መንግሥት ያደገች ናት፤ መክፈል የሚባል ነገር መኖሩም አልመጣላት። ሻጩ እጇን ይዞ ሊቆርጠው ሰይፍ ያነሳል። አለቀ። ከዚያ ወዲያ «ፖሙ እኮ የሰውየው ነው» የሚል ተመልካች አይገኝም። ሻጩ ሰይፍ በማንሳት ፈንታ «እህቴ፣ እኔም የማበላቸው አሉኝ» ቢላት ኖሮስ? ትዕይንቱ እዚያው ይፈርስ ነበር። ለፍትሕ ያህል ግን ፊልሙ የራሱ ሕግ አለው። ዋሻው ውስጥ ከመብራቱ በቀር ምንም እንዳትነኩ ተብለው ሳለ፣ አቡ ቀዩን ዕንቁ ሲያነሳ ዋሻው ይናዳል። ለረሃብ ሲሆን ዘፈን፣ ለስስት ሲሆን እሳት። ልጆች ይህን ልዩነት ሳይነገራቸው ይይዙታል።

ልጅሽ ያቀረበልሽ ክርክር ግን የአላዲን አይደለም፤ አልራበውም። የሮቢን ሁድ ክርክር ነው። «እሱ አምስት አለው፣ እሷ ምንም የላትም።» ዲዝኒ በ1973 ሮቢን ሁድን ቀበሮ አድርጎ ሠራው። ሸሪፉ ተኩላ ነው፤ ግብር እያለ የማይነጥቀው ነገር የለም። ለትንሹ ጥንቸል ለልደቱ የተሰጠችውን አንዲት ሳንቲም ሳይቀር ይወስዳል። ልዑል ጆን ጋማ የሌለው አንበሳ ነው፤ ጣቱን ይጠባል። ፊልሙ እንደጀመረ ድቡ ሊትል ጆን ሮቢንን አንድ ነገር ይጠይቀዋል፤ እኛ ጥሩዎች ነን ወይስ መጥፎዎች? ሮቢን በቀልድ ያልፈዋል። ካላቸው ላይ ትንሽ እንበደራለን እንጂ መቼ ዘረፍን ዓይነት መልስ ይሰጠዋል። ሳቅ፣ ከዚያ ወደ ጀብዱው። ያን የመሰለ ጥያቄ በአንድ ቀልድ ሲባክን እኔን ሁሌ ይቆጨኛል።

በዚያ ፊልም ዓለም መልሱ እኮ ያን ያህል ከባድ አልነበረም። የልዑሉ ሳጥን ውስጥ ያለው ገንዘብ መጀመሪያውኑ የድሆቹ ነው። ነጥቆ ነው የሰበሰበው። ሮቢን ለባለቤቶቹ እየመለሰ ነው። ልጅሽ የሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ያለው ሁሉ ልዑል ጆን መሰለው። ያ የክፍሉ ልጅ ግን አምስቱን ላጲስ ከማንም አልነጠቀም። ምናልባት አክስቱ ገዝታለት ይሆናል። ምናልባት ከአምስቱ ዳይኖሰሩን አስበልጦ ይወደዋል። ቤቱ ገብቶ ቦርሳውን ገልብጦ ሲፈልገው አምሽቶ፣ «ዕቃህን አትጠብቅም!» ተብሎ ተቆጥቶም ይሆናል። ይህን ለልጅሽ በስብከት አትንገሪው፤ በጥያቄ አድርሺው። «አምስቱን ከማን ነው የወሰዳቸው?» በይው። «ከማንም» ይልሻል። «ታዲያ ሮቢን ሁድ ቢሆን ከእሱ ይወስድ ነበር?» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ቢረዝምም አትግቢበት።

እዚህ ላይ ልብሽን የሚያሳርፍ ነገር ላንሳልሽ። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዣን ፒያጄ በ1932 ስለ ልጆች የሞራል ፍርድ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ለልጆች ሁለት ሁለት ታሪክ እየነገረ «የትኛው ይብሳል?» ይላቸው ነበር። ከታሪኮቹ አንዱ ጥንድ ቁርጥ የልጅሽን ጉዳይ ነው። አንድ ልጅ ምሳ ላልበላ ድሃ ጓደኛው ዳቦ ይሰርቃል። አንዲት ልጅ ደግሞ ለቀሚሴ ታምርልኛለች ብላ ሪባን ትሰርቃለች። ትንንሾቹ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚያዩት የተወሰደውን ዕቃ ነው፤ የትኛው ይበልጣል፣ የትኛው ይወደዳል። ከፍ ያሉት ግን ምክንያቱን ይመዝናሉ። ልጅሽ «ለምን» የሚለውን ይዞ ነው የመጣው፤ ለዕድሜው ትንሽ ነገር አይደለም። የቀረው «ከማን» የሚለው ነው። እሱን ፊልሞቹ እምብዛም ስለማያሳዩት የአንቺና የአባቱ ሥራ ይሆናል።

እምብዛም አልኩ እንጂ የሚያሳዩም አሉ። የ2007ቱን ራታቱይ ካላያችሁት ዛሬ ማታ እዩት። አይጡ ሬሚ ምግብ ማብሰል ይወዳል። አባቱ ግን አይጥ የሚኖረው ሰርቆ ነው ባይ ነው፤ ስርቆት መሆኑንም አይቀበልም። ሬሚ ርቦት ሊሰርቅ ሲያስብ፣ በሐሳቡ የሚያየው ሟቹ ሼፍ ጉስቶ ይገስጸዋል። አንተ ሠሪ ነህ፣ ሌባ ነው ወሳጅ፣ ዓይነት ተግሣጽ። ይሄ ጥሩ ነው፤ ግን የምልሽ ትዕይንት እሱ አይደለም። ወደ መጨረሻው ላይ ሬሚ ከጓደኛው ከሊንጉኒ ጋር ይጣላል። በንዴት ወገኖቹን ሰብስቦ የምግብ ቤቱን ጓዳ ያስዘርፋል። በዚያው ሰዓት ሊንጉኒ ይመጣል። ለምን መጣ መሰለሽ? ይቅርታ ሊጠይቅ። በሩን ሲከፍት አይጦቹ ምግቡን ሲያግዙ ያገኛቸዋል። እዚያ ላይ ፖዝ አድርጊው። የሊንጉኒን ፊት ልጅሽ ይየው። እንደ አላዲን ዳቦ ጋጋሪ የጠፋ ሰው አይደለም፣ እንደ ፖም ሻጩ ሰይፍ የያዘም አይደለም። የምንወደው ሰው ነው የተሰረቀው። «አሁን ምን እያሰበ ነው?» በይና ጠይቂው። አንድ ጥያቄ ብቻ። ከዚያ ፊልሙን ልቀቂው። በየትዕይንቱ እያስቆመ የሚያስተምር ወላጅ ጋር ፊልም ማየት ፈተና መቀመጥ ነው፤ ሁለተኛ አብሮሽ አያይም።

አንቺ የወደድሽው ፍሊን ራይደርም ከዚህ ሩቅ አይደለም። በ2010ሩ ታንግልድ ላይ ከቤተ መንግሥት ዘውድ ይሰርቃል። የማን ዘውድ? የጠፋችው ልዕልት። ልዕልቲቱ ደግሞ ራሷ ራፑንዜል ናት፤ ለረጅም ጊዜ ሁለቱም አያውቁም። ስለዚህ ሌባውና የተሰረቀችው አብረው መንገድ ይሄዳሉ፣ አብረው ይስቃሉ። ጀልባው ላይ፣ መብራቶቹ ሰማዩን ሲሞሉት፣ ደብቃ የያዘችበትን ቦርሳ ራሷ አውጥታ ትሰጠዋለች። እሱ ገሸሽ ያደርገዋል። ያን ሁሉ የሮጠለት ዘውድ ነው እኮ! የወደድሽው ሌብነቱን ነው ወይስ ያችን ቅጽበት? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል፤ ለቀልዱና ለመልኩ ትንሽ ብንቀንስለትም።

ስለ ፍሊን አንድ ነገር ልጨምር፤ ለባልሽ ግን አትንገሪው። እውነተኛ ስሙ ዩጂን ነው። ወላጅ አልባ ሆኖ ሲያድግ ስለ አንድ ባለጸጋ ጀብደኛ የሚተርክ መጽሐፍ ያነብ ነበር፤ ስሙን የወሰደው ከዚያ ነው። ልጅ በታሪክ ጀብደኛ ሊማረክ እንደሚችል ፊልሙ ራሱ መስክሯል ማለት ነው። ዩጂንን የለወጠው ግን መጽሐፉን የቀማው ሰው አይደለም። በእውነተኛ ስሙ የጠራችው ልጅ ናት።

የተኩላውን ነገር እንምጣበት፤ ልጅሽን የያዘው እሱ ነውና። ዘ ባድ ጋይስ በ2022 የወጣ የድሪምወርክስ ፊልም ነው። መነሻው አውስትራሊያዊው አሮን ብሌቢ የጻፋቸው የልጆች መጻሕፍት ናቸው። ተኩላ፣ እባብ፣ ሻርክ፣ ፒራንሃ፣ ታራንቱላ፤ ሰው ገና ሲያያቸው የሚሸሻቸው አምስት ፍጥረቶች። ልጅሽ የወደደው ብሩን አይመስለኝም። እንዲህ ያሉ ፊልሞች ላይ የተሰረቀ ገንዘብ ወጥቶ ሲበላ ብዙም አይታይም። የሚይዘው ዕቅዱ ነው። ቡድኑ ነው። አንዷ ኮምፒውተር ሰብራ ትገባለች፣ አንዱ ካዝና ይከፍታል፣ አንዱ መልኩን ይቀያይራል። ማንም ትርፍ አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ ቀኑን ሙሉ «ተነስ፣ ተቀመጥ፣ ጫማህን አድርግ፣ ጨርስ» ሲባል ይውላል። ትልልቆቹ የማያውቁት ምስጢር ያለው ቡድን ውስጥ መግባት ለእሱ ምን ያህል እንደሚጥም አስቢ።

ይህን ደስታ መቀማት አያስፈልግም፤ አቅጣጫውን አዙሪለት። ቤት ውስጥ የተገላቢጦሽ ዝርፊያ ተጫወቱ። ዒላማው አባቱ ነው። ተልእኮው፣ ልጁ የሣለውን ሥዕል አባትየው ሳይነቃ ኮቱ ኪስ ውስጥ ማስገባት። የቤቱ ካርታ ይሣል፣ ዘብ ይመደብ፣ የፉጨት ምልክት ይኑር። በእግር ጣት እየተራመዱ ኮሪደሩን ማለፍ ብቻውን ግማሽ ምሽት ይበላል። (አባትየው ቢያይም እንዳላየ እንዲሆን አስቀድመሽ ንገሪው። ፊልም ላጥፋ ላለበት ማካካሻ ይሁነው።)

ከዘ ባድ ጋይስ አንድ ትዕይንት ብቻ ምረጥ ብባል የጅራቱን እመርጣለሁ። ተኩላው የአንዲት አሮጊት ቦርሳ ሊመነትፍ ይጠጋል። ሴትየዋ ደረጃው ላይ ልትወድቅ ስትል ሳያስበው ያድናታል። አሮጊቷ አመስግናው ጎበዝ ልጅ ትለዋለች። ያኔ ጅራቱ መወዛወዝ ይጀምራል። እሱ ራሱ ግራ ገባው። ደግነት እንደጣመው ከጭንቅላቱ በፊት ጅራቱ አወቀ። መጨረሻውንም አትርሺ፤ እነዚህ ሌቦች እጃቸውን ለፖሊስ ይሰጣሉ፣ ይታሰራሉም። ዋናውን ክፉ ካጋለጡ በኋላ እንኳ! ብዙ ወላጅ እዚህ አይደርስም። መኪናው ሲበር አይቶ «ይሄ ምን ያስተምራል?» ይልና ወደ ሥራው ይሄዳል። ልጅሽ ግን ደጋግሞ አይቶታል። «ጥሩ ሥራ ሠርተው የለ እንዴ፣ ለምን ታሰሩ?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱን ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል፤ የምሬን ነው።

ሁሉም ፊልም እንዲህ የታሰበበት ነው አልልሽም። በ2010ሩ ዲስፒከብል ሚ ላይ ግሩ ጨረቃን ሊሰርቅ ይነሳል። ጨረቃ የማን ናት? የሚጠይቅ የለም፤ ስርቆቱ ስለገዘፈ ቀልድ ሆኗል። የሚገርመው፣ ፊልሙ ግሩን የሚያስከፍለው ስለ ጨረቃዋ አይደለም። ሦስቱን ሕፃናት ለዕቅዱ መጠቀሚያ ብሎ ማምጣቱ፣ የዳንስ ዝግጅታቸው ላይ ሳይደርስ መቅረቱ ነው የሚያቃጥለው። እንደ ስርቆት ታሪክ ባዶ ነው፤ ቃል ስለ መጠበቅ ግን ጥሩ ነገር ይዟል። በ2009 ዌስ አንደርሰን የሠራው ፋንታስቲክ ሚስተር ፎክስ ደግሞ የባሰ ይከብዳል። ቀበሮው ሚስቱ ስታረግዝ ስርቆት ላቆም ብሎ ቃል ይገባል፤ ቃሉን ያፈርሳል። ጅራቱን በጥይት ያጣል። እሱ ብቻ ቢጎዳ ደግ ነበር፤ ጎረቤት እንስሳት ሁሉ ቤታቸው ፈርሶ ከመሬት በታች ይራባሉ። መጨረሻው ላይም ቢሆን ሌብነቱን አልተወም፤ ሲሰርቃቸው በነበሩት ገበሬዎች ሱፐርማርኬት ውስጥ ገብተው ይጨፍራሉ። እሱን ለልጅሽ ጥቂት ዓመት አቆይው። አንቺና ባልሽ ግን እዩት፣ ጥሩ አድርጎ ያከራክራችኋል።

አማትሽን ልተዋቸው አልችልም። ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጁ እንቁላል ሰርቆ ያመጣል፤ እናት ዝም ብላ ትቀበላለች። እያደር በሬ ይሰርቅና ይያዛል። ያኔ ነው «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» የሚላት። ልብ በይ፤ ልጁ የሚወቅሰው እንቁላሉን በዝምታ የተቀበለችውን እናት ነው። አንቺ አልተቀበልሽም። ላጲሱን ባየሽበት ቅጽበት «የማን ነው?» ብለሻል። ይህን ለአማትሽ በአክብሮት ንገሪያቸው፤ ተረቱን ያነሱት እሳቸው ስለሆኑ ይገባቸዋል። «እትዬ፣ እንቁላሉን እኮ አስመለስኩት» ብትያቸው ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርገሽ ለምኛቸው። ልጁ እየሰማ «ሌባ» አይበሉት። በ2016ቱ ዙቶፒያ ላይ ኒክ የሚባል አጭበርባሪ ቀበሮ አለ። ትንሽ ልጅ ሳለ የስካውት ቡድን ሊገባ አዲስ ዩኒፎርሙን ለብሶ በደስታ ይሄዳል። ልጆቹ ቀበሮ መቼም አይታመንም ብለው ይስቁበታል፤ አፉ ላይ ማፈኛ ያስሩበታል። ከዚያ ቀን ወዲያ ካሉኝ አልቀር ብሎ የተባለውን ሆነ። በካርቱን ሌቦች ታሪክ ውስጥ እኔን የሚያስፈራኝ ከዘረፋው ሁሉ ይልቅ ያቺ ማፈኛ ናት። ልጅሽ ስለ ተኩላው ሲስቅ አማትሽ ቢሰሙ አይጨነቁ። እሳቸው «ሌባ» ሲሉት እሱ ቢሰማ ግን ጉዳት አለው።

ልከልክለው ወይ ላልሽው፣ አትከልክዪው። ከከለከልሽው ሌላ ቤት ያየዋል፤ ያኔ አጠገቡ የለሽም። ቢቻል አብራችሁ እዩ። ባይቻል ፊልሙ ሲያልቅ «ዛሬ ማን ተሰረቀ?» ብለሽ እየሠራሽም ቢሆን ጠይቂው። ላጲሱ ከተመለሰ በኋላ ሌላ ዕቃ፣ ቀጥሎ ሌላ ዕቃ ቦርሳው ውስጥ ካገኘሽ፣ ስትጠይቂው መዋሸትና መደበቅ ከጀመረ፣ ያኔ ጉዳዩ ከፊልም ያለፈ ነው። ምን ጎደለው፣ ክፍል ውስጥ ምን ገጠመው የሚለውን ከአስተማሪው ጋር ተነጋገሪ፤ ካስፈለገም የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ አማክሪ። ከጻፍሽልኝ ግን እዚያ የደረሰ አይመስለኝም። የጠየቅሽውን ሳይደብቅ፣ ምክንያቱን ሳይቀር የነገረሽ ልጅ ነው።

የልደቱን ልብስ ግዙለት። ነጭ ሱፍ ያልሽው ላይ ብቻ ትንሽ አስቢበት፤ የምታጥቢው አንቺ ከሆንሽ ሌላ ቀለም ካለ ጠይቂ።